የወረቀቱ ራስጌ ላይ ያለው ቀን

በመቁረጫው ክፍል ቢላ ከመነሳቱ በፊት ወረቀት ይነበባል። ይህን ሥርዓት ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ቆራጩ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቆሞ የልኬቱን ወረቀት በሁለት እጁ ይይዝና የልብሱን ዓይነት፣ ቁጥሩንና ከቅርብ ወራት ወዲህ ደግሞ ከራስጌው ላይ ያለውን ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል። ጨርቁን የዘረጋችው ሴት ከወዲያኛው ጫፍ «ሰምቻለሁ» ትላለች። ቆራጩ ያንኑ ቀን በላይኛው ጨርቅ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ቢላው የሚጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። ተደራርቦ የተዘረጋ ሰማንያ ድርብ ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ የሚመልሰው የለምና።

ጋሼ ሚሊ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲጠራ ኖሯል። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው። ሌላው ሰው «ትንሽ ቀነስ፣ ትንሽ ጨመር» በሚልበት ቦታ እሱ «ሁለት ሚሊ» ይላል። የቤቱን በር ሲዘጋ እንኳ ጎንበስ ብሎ አይቶ «አንድ ሚሊ ቀርቶታል» የሚል ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ዝርግ ጨርቅ አበላሽቶ አያውቅም። ይህን ራሱ አይናገርም፤ የምትናገርለት ዘርጊዋ ናት፣ ያውም ላልጠየቃት ሁሉ።

እሱ የሚያወራው ስለ ልጁ ነበር።

ልጁ በዚሁ ፋብሪካ ፎቅ ላይ፣ በልኬት ቢሮ ትሠራለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ አነስተኛ ስለሆነ ስልክ ስታነሳ ሰዎች «ሃሎ? ሃሎ?» እያሉ ይዘጉባታል። እቤት «ሚጢ» ይሏታል። የደንበኞችን ልኬት በኤክሴል ሰንጠረዥ የምትይዘው እሷ ናት፤ የምታስገባውን ቁጥር ሁሉ ሦስት ጊዜ ታነበዋለች፣ ሦስተኛውን ከታች ወደ ላይ። ይህን ከማን እንደወረሰች መጠየቅ አያስፈልግም።

አባቷ እቤት «አንቺ» ይላታል። ፋብሪካ ውስጥ ግን «ቢሮ ቢሮ ነው» ብሎ አንቱ ይላታል። «እመቤት፣ ይህችን ቢያዩልኝ» ሲላት ዘርጊዋ አፏን በጨርቅ ይዛ ትስቃለች። ሚጢም ሳቋን እየዋጠች «ጋሼ፣ አይቼልዎታለሁ» ትላለች።

ከአምስት ወር በፊት ድረስ ወረቀቶቹ ቀን አልነበራቸውም። ደንበኛ ሐሳቡን ይለውጣል፣ አዲስ ወረቀት ይታተማል፣ አሮጌው አይጣልም፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ይገናኛሉ። እንዲህ በሆነ ቁጥር ጋሼ ሚሊ አሥራ ስምንቱን ደረጃ እየቆጠረ ወጥቶ «አዲሱ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ጉልበቱ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ሚጢ የእግሩን ኮቴ ከታች ጀምራ ትሰማዋለች፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ አረፍ ይላል።

አንድ ቀን ከኮምፒውተሩ ጋር ስትታገል ውላ፣ ወረቀቱ ሲታተም ራስጌው ላይ ቀን በራሱ እንዲወጣ አደረገች። አባቷ የመጀመሪያዋን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ክፍሉን ዞረ።

«አያችሁ? ከላይ። ልጄ ናት ያስገባችው። ራሱ ነው የሚጽፈው፤ እጅ አይነካውም!»

«ጋሼ፣ ልጅዎ ቀን ፈጠረች ነው የሚሉን?» አለች ዘርጊዋ።

«ቀኑንማ የፈጠረው ፈጥሮታል። ወረቀት ላይ ያወረደችው እሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ ሕጉ ቀላል ሆነ፤ ሁለት ወረቀት ከተለያየ ቀኑ የቀረበው ይገዛል። ጋሼ ሚሊም ደረጃውን መውጣት ተወ።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጇ ከስፌት ክፍል አንድ ሱሪ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። አለቃ ነው የሚሏት። ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን ሰው ሥራውን የሚያቆምላት ሴት ናት። ሱሪው ለአንድ ሆስፒታል ነርሶች ከታዘዘው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ከውስጥ እግሩ ላይ ሜትር ጣለችበት።

«ስንት ይላል፣ ጋሼ?»

«ሰባ አራት» አለ ጋሼ ሚሊ።

«ቁጥር አርባ ሁለት ስንት ነበር መሆን ያለበት?»

እሱ ሜትሩን ከስፌቱ ጋር እንደገና አስተካከለ። አለቃ ወደ ፎቅ ላከችና ሚጢ ወረደች። መልሱን ታውቀው ነበር፤ የደንበኛው ደብዳቤ ሰኞ፣ በወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር የመጣው፤ እግሩ በአራት ሳንቲ ሜትር ይርዘም የሚል። በዚያው ሰዓት ነው ያስተካከለችው።

«ሰባ ስምንት» አለች። ድምፅዋ ስላልተሰማ ደገመችው።

«መቶ ስልሳ ሱሪ አጥሯል» አለች አለቃ። «ወረቀቱ የታል?»

ሁሉም ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ወረቀት የሚሰቀልበት ምስማር ባዶውን ነበር።

«ጥዬዋለሁ» አለ ጋሼ ሚሊ።

ሚጢ ቀና ብላ አየችው። አባቷ የጠመኔ ጉማጅ እንኳ የማይጥል ሰው ነው።

«እኔ ሲጠራ ሰምቻለሁ!» ዘርጊዋ ጣልቃ ገባች። «ትናንት ረቡዕ፣ ‹አሥራ አራት› ብሎ ነው የጠራው። ‹ሰምቻለሁ› ብያለሁ። እኔ ያልሰማሁትን ሰምቻለሁ አልልም!»

ልትረዳው ነበር፤ ነገሩ ግን ተገለባበጠባት። አለቃ ጥቂት አሰበች።

«የአሥራ አራቱ ወረቀት ከሆነ ደህና ነው። ቁጥሩ የተስተካከለው በአሥራ ሁለት ነው። ወረቀቱ ሰባ ስምንት ይል ነበር ማለት ነው።» ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችው። «ያነበቡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ዓይንዎን ታይተው ያውቃሉ?»

ጋሼ ሚሊ ሱሪውን ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ አጠፈው።

«ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮ እንነጋገራለን። እስከዚያ ቢላውን ሌላ ሰው ይያዘው። እርስዎ ማሸጊያ ክፍል ይርዱ።»

እሷ እንደወጣች ዘርጊዋ ፈነዳች። «ዓይኑ! ከጋዋኔ ላይ የወደቀች መርፌ ከመሬት ለቅሞ የሰጠኝ ዓይን! የደከመስ የሌላ ሰው ዓይን ነው!» ግን ወሬው ከእሷ ይፈጥናል። ከምሳ በፊት ስፌት ክፍል ደርሶ ነበር፤ ጋሼ ሚሊ ማየት ተስኖታል፣ ቢላው ሊወሰድበት ነው። ሚጢ ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ሴቶች አይተዋት ንግግራቸውን አቆሙ። እሷም በልቧ ከእነሱ የተለየ ነገር አላሰበችም። የአሥራ አራት ወረቀት ሰባ ስምንት ነው የሚለው። አባቴ አርጅቷል።

ያን ዕለት ሥራ ሲለቀቅ ጋሼ ሚሊ ጋዋኑን ይዞ ወደ ቤት ሄደ። ጋዋኑ ሌላ ጊዜ ከመቁረጫው ክፍል ምስማር ወርዶ አያውቅም፤ እዚያው ይታጠባል፣ እዚያው ይደርቃል። እናትየው ወንበር ላይ አጣጥፎ ሲያስቀምጠው አይታ ምንም አልጠየቀችም። «ይታጠብ እንዴ?» ብቻ አለች።

«ይታጠብ» አለና ጫማውን ሊያወልቅ ወደ ውስጥ ገባ።

ሚጢ ጋዋኑን ወደ መታጠቢያው ወሰደችውና እንደ ወትሮዋ ኪሱን ፈተሸች። ሁለት ጠመኔ፣ አንድ ሜትር፣ አራት ጊዜ የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች ነበሩበት።

ዘረጋቻቸው። አንደኛው ጥጉ ላይ የማሽን ዘይት ጠጥቷል። ሁለቱም የአንድ ሱሪ ሰንጠረዥ፣ ሁለቱም የእሷ ናቸው። ዘይት የነካው ራስጌው ላይ 13 ይላል፤ ከስሩ ቁጥር አርባ ሁለት፣ የውስጥ እግር 78። ንጹሑ ራስጌው ላይ 14 ይላል፤ የውስጥ እግር 74።

ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ሦስተኛውን ከታች ወደ ላይ። ከዚያ የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። የማክሰኞው ወረቀት ዘይት ነካው። ረቡዕ ጠዋት፣ ቢሮ ሳይከፈት ወረቀት ሲያስፈልግ እንደሚደረገው፣ ከመጋዘን ሌላ ቅጂ ታተመ። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል ግን ከሁለት ሳምንት በፊት የተገለበጠ አሮጌ ነው። እና ያ አሮጌ ፋይል ረቡዕ ስለታተመ ራስጌው ላይ ረቡዕን ጽፎ ወጣ። አምስት ወር ሙሉ አባቷ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጠራው የኖረው ቀን ቁጥሩ የተለወጠበት ቀን አልነበረም። ፕሪንተሩ ወረቀቱን የተፋበት ቀን ነበር።

አባቷን ሳሎን አገኘችው። ወረቀቶቹን ፊቱ አስቀመጠቻቸው።

«ደህና አድርገህ ነው ያነበብከው» አለች።

«ኪስ መፈተሽ ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነህ። አባዬ፣ ሁለቱንም አይተሃል። ልዩነቱን አይተሃል።»

«አይቻለሁ።» ቀና አላለም። «ደንበኛው ሐሳቡን መልሶ ቀየረ ብዬ ነው። ስንቴ አድርገውታል! ድሮ ቢሆን ወጥቼ እጠይቅሽ ነበር። በኋላ ቀኑን አየሁ። አሥራ አራት ይላል። ቀኑ የልጄ ነው አልኩ።»

ሚጢ ንጹሑን ወረቀት ከፊቱ አነሳች።

«ዛሬ አለቃ ሱሪውን ይዛ ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ወረቀቶቹን ላሳያት ከምስማሩ አወረድኩ። አጠገብ ለአጠገብ ሳደርጋቸው ነው ያሳሳተኝ ቀኑ መሆኑ የገባኝ።» አጥፎ ኪስ ውስጥ የመክተትን እንቅስቃሴ በባዶ እጁ አሳየ። «ስለዚህ ደበቅኳቸው።»

«ለምን? ዓይኑ ጠፋ እያሉህ እኮ ነው!»

«ይበሉ! እኔ ብዙ አልቀረኝም። ያረጀ ሰው ዓይን ቢደክም ማንም አይገርመውም። አንቺ ግን አሁን ነው የጀመርሽው። የእሷ ቁጥር ይዋሻል ከተባለ፣ ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜ ብታነቢው ማን ያምንሻል?»

«ቁጥሬ አልዋሸም። ቀኔ ነው የዋሸው።»

«ለእነሱ ልዩነት የለውም።»

«ላንተ ግን አለው» አለች ሚጢ። «ሁለት ሚሊም ቢሆን ልዩነት ነው ስትል ነው ያሳደግኸኝ። ነገ እናገራለሁ።»

«አትናገሪም!»

«እናገራለሁ፣ አባዬ።»

እናትየው ከማጀት ብቅ አለች። «ስትጮሂ ሰምቼሽ አላውቅም» አለች ለልጇ፣ ደስ እንዳላት ሳትደብቅ።

በማግስቱ ሚጢ ጠባቂው በሩን ሲከፍት ደርሳ ነበር። ኮምፒውተሯን ከፍታ የሱሪውን ፋይል አወጣች። ከሰኞ ወዲህ ማንም አልነካውም። እንዲታተም ስታዘጋጀው ግን ራስጌው ላይ ዓርብ፣ 16 ብሎ ቁጭ አለ። ከአምስት ወር በፊት ያስገባችው ምልክት «የዛሬን ቀን ጻፍ» ከማለት ሌላ ነገር አያውቅም። ያኔም ቢሆን በማግስቱ ከፍታ ብታየው ኖሮ ይገባት ነበር። ግን የሞከረችው ባስገባችበት ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ ሁለቱ ቀኖች አንድ ነበሩ።

ለዚህ የሚሆን የተዘጋጀ ምልክት ፈልጋ አጣች። ስለዚህ ማክሮ የሚሏትን አጭር ትእዛዝ መጻፍ ጀመረች፤ ወረቀቱ ሊታተም ሲል ፋይሉ መጨረሻ ሴቭ የተደረገበትን ቀንና ሰዓት አንብብ፣ ራስጌው ላይ ጻፍ። አምስት መስመር አይሞላም። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ሠራላት። ሴቭ አድርጋ ዘጋችው፣ ሻይ ጠጥታ ተመለሰች፣ አተመች። ወረቀቱ የወጣው ከሻይ በፊት የነበረውን ሰዓት ይዞ ነው። ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ ፋይሉን ይዛ ወደ መጋዘን ወረደች።

የመጋዘኑን ሠራተኛ ጋሽ ሴቭ ይሉታል። ከዓመታት በፊት የሦስት ቀን ሥራው መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፍቶበታል። ከዚያ ወዲህ ፋይል ሲከፍት ሴቭ፣ ሲያይ ሴቭ፣ ሲዘጋ ሴቭ ያደርጋል፤ ሠራተኞቹ እንደሚሉት ምሳ ሲበላም ጣቱ ይንቀሳቀሳል።

«ይህን ይክፈቱና አንድ ወረቀት ያትሙልኝ» አለችው።

ከፈተ። ጣቱ ወረደ። አተመ። ሚጢ ወረቀቱን አየች። ዓርብ፣ 16፣ አምስት ሰዓት ከሩብ። የግድግዳው ሰዓት አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር።

«ምን ለወጡ?»

«ምንም! እኔ የሰው ቁጥር እነካለሁ እንዴ?»

«ሴቭ አድርገዋል።»

«እሱማ አድርጌያለሁ» አለ ጋሽ ሴቭ፣ ተንፍሰሃል እንደተባለ ሰው ተገርሞ።

ወረቀቱን ይዛ ወጣች። እግሯ ወደ ማሸጊያ ክፍል ወሰዳት። አባቷ ከካርቶን ክምር መሃል ተቀምጦ ሣጥን ያጥፋል። ያጠፋቸው ሁሉ ጥግ ለጥግ ገጥመው እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ አጠገቡ ያለችው አሻጊ የራሷን ከእሱ እያስተያየች በኀፍረት መልሳ ታጥፋለች።

ሚጢ አጎንብሳ ነገረችው፤ ቀኑ አሁን የታተመበት ሳይሆን ሴቭ የተደረገበት መሆኑን፣ ግን ጋሽ ሴቭ ምንም ሳይለውጥ ሴቭ ስላደረገ አሮጌው መልሶ አዲስ መምሰሉን። «በነካው ቁጥር ቀኑ ይቀየራል» አለች። «ጠፋኝ፣ አባዬ።»

እሱ አንድ ሣጥን አጥፎ ጨረሰ።

«የኪስና የወገብ ቅርጽ የማወጣባቸው ካርቶኖች የት ነው የሚሰቀሉት?»

«ግድግዳው ላይ።»

«በቀን ስንት ጊዜ አወርዳቸዋለሁ?»

«እኔ እንጃ፣ መቶ ጊዜ።»

«ጀርባቸው ላይ ቀን እጽፋለሁ። በቀን መቶ ጊዜ እጽፋለሁ?»

«አትጽፍም። ጠርዙን ስትቆርጠው ብቻ...» ሚጢ አቋረጠች።

«መንካትማ ሁሉም ይነካዋል» አለ አባቷ። «ዘርጊዋ ሳትቀር በእሱ ታራግባለች። አንቺ ጠርዙን ጠብቂ።»

ፋብሪካው ውስጥ አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። እሱ ልብ አላለውም። እሷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች።

ምሳ አልበላችም። ትእዛዙን እንደገና ጻፈችው። አሁን ሴቭ ተደረገ አልተደረገ አይመለከተውም። ከልኬቶቹ አንዱ፣ አንድ ቁጥር ብቻ እንኳ ከተለወጠ፣ የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት በራሱ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሲታተምም ራስጌው ላይ ያወጣዋል። ካልተለወጠ ቀኑ ባለበት ይቆያል፣ ዓመትም ይሁን። ለመነሻው የደንበኛውን ደብዳቤ አውጥታ አየችና ሰኞ፣ 12፣ አራት ሰዓት ተኩል ብላ አስገባች። በቅጂ ላይ ሰባ ስምንቱን ሰባ ዘጠኝ አድርጋ ሞከረች፤ ቀኑ ተቀየረ። ዋናውን ሃያ ጊዜ ሴቭ አደረገችው፤ ቀኑ ንቅንቅ አላለም።

ስምንት ሰዓት ላይ አለቃ ቢሮ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። አለቃ፣ ጋሼ ሚሊ፣ ሚጢ፣ በሚጢ ልመና የመጣው ጋሽ ሴቭ፣ እና ማንም ያልጠራት ዘርጊዋ።

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አለች አለቃ።

«የሰማሁት እኔ ነኝ። ‹ሰምቻለሁ› ያልኩ ሰው ነኝ።»

አለቃ ተወቻት። ጋሼ ሚሊ አፉን ሊከፍት ሲል ሚጢ ቀደመችው። የተናገረችው ግን አልተሰማም። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ አባቷ ቆመች፤ ወረቀቶቹን በሁለት እጇ ይዛ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሼ ያነበበው ልክ ነው። የአሥራ አራት ወረቀት ሰባ አራት ነው የሚለው፤ ይኸው።»

«አይደለም፣ እኔ ነኝ ሳልጠይቅ...» አለ ጋሼ ሚሊ።

«ጋሼ» አለች አለቃ፣ «ትናንት የእርስዎ ተራ ነበር።»

ሚጢ ሁሉንም ተናገረች። ራስጌው ላይ ያስገባችው ቀን የታተመበት ቀን ብቻ እንደነበር። አሮጌ ፋይል አዲስ ቀን ለብሶ እንደወጣ። አምስት ወር ሙሉ ክፍሉ በሙሉ ይህን ቀን አምኖ እንደቆረጠ፣ ያሳመነቻቸውም እሷ እንደሆነች። መሃል ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልቆመም። ከዚያ ጋሽ ሴቭን ወደ ኮምፒውተሩ ጋበዘችው።

«እንደ ልማድዎ ያድርጉ።»

ጋሽ ሴቭ ሁሉም እያየው ስለሆነ ጣቱን ይዞ ተቀመጠ።

«ሴቭ ያድርጉ እንጂ!» አለች ዘርጊዋ። «ዛሬ እንኳ የሚፈልግዎ ሰው ተገኝቷል።»

ሦስት ጊዜ ሴቭ አደረገ፣ ሦስት ጊዜ አተመ። ሚጢ ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ቁጥሩ የተለወጠው፦ ሰኞ፣ 12፣ አራት ሰዓት ተኩል። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት።

አለቃ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የጋሼ ሚሊን ሁለት ወረቀቶችም አጠገባቸው አድርጋ አየች።

«የመጋዘኑ አሮጌ ቅጂዎች ዛሬውኑ ይሰረዙ» አለች። ጋሽ ሴቭ ዋጥ አደረገ፤ በሕይወቱ አንድ ነገር ሰርዞ አያውቅም። «አንቺ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል። ይህን ነገር ደግሞ የሁሉም ደንበኛ ፋይል ላይ ታስገቢያለሽ። ጋሼ፣ ሰኞ ቢላው የእርስዎ ነው።» ከዚያ ጨመረች፤ «ስለ ዓይንዎ የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ።»

«ሱሪዎቹስ?» አለ ጋሼ ሚሊ፣ ይቅርታውን እንዳልሰማ ሆኖ። «ቁጥር ሠላሳ ስምንት ገና አልተቆረጠም። የእሱ የውስጥ እግር ሰባ አራት ነው። ያጠሩትን ስፌታቸውን ፈትቼ ከጎንና ከወገብ ብቀንሳቸው ወደ ሠላሳ ስምንት ይወርዳሉ። ከትናንት ጀምሮ እያሰብኩበት ነው። በእያንዳንዱ ጎን አሥራ አንድ ሚሊ።»

አለቃ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

ማስጠንቀቂያው የደረሳት ከመውጫ ሰዓት በፊት ነው። ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ እጁን ዘረጋ።

«አምጪው ልየው።»

እየተራመደ አነበበው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ራስጌው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ቀን የተጻፈበት ነው ወይስ የታተመበት?»

ሚጢ መንገድ መሃል ሳቀች፤ ሰዎች ዞረው እስኪያዩዋት። እሱ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተው። እንዲመልስላት ጠየቀችው። «ይቀመጣል» አላት። «ልጄ ቆማ የተናገረችበት ነው።»

ሰኞ ጠዋት ሚጢ ቢሮዋ ውስጥ ሆና ኮቴ ሰማች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ ሁለተኛው ላይ አረፍ አለ። አሥራ ስምንት። እንደገና ወረቀት ተለያየ እንዴ? አባቷ ታጥቦ የተተኮሰ ጋዋኑን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ተፈጠረ፣ ጋሼ?»

«ምንም አልተፈጠረም፣ እመቤት። ሊቆረጥ ነው። ይውረዱ።»

ጨርቁ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል፤ ሰማንያ ድርብ፣ ሰማያዊ። አዲስ የገባ አንድ ሠራተኛ የሰሌዳውን ወረቀት አይቶ «ይሄ ሳምንት የሆነው ነው፤ አዲስ ይታተም» አለ። «የታተመውማ ዛሬ ነው፤ ቁጥሩ ነው ሳምንት የሆነው» አለችው ዘርጊዋ፣ ከተወለደች ጀምሮ እንደምታውቀው ሁሉ።

ጋሼ ሚሊ ወረቀቱን ከምስማሩ አውርዶ ለሚጢ ሰጣት። ከቢሮ ወርዶ የጠራ ሰው ኖሮ አያውቅም። ፊቷ ቀላ። ወደ ኋላዋ ዞር ስትል የስፌት ክፍል ሴቶች ሳይቀሩ በሩ ላይ ተሰብስበዋል።

«ወዲያ ጫፍ ድረስ መሰማት አለበት» አላት አባቷ በቀስታ።

ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሱሪ! ቁጥር አርባ ሁለት! ቁጥሩ የተለወጠው፣ ሰኞ፣ አሥራ ሁለት፣ አራት ሰዓት ተኩል!»

«ሰምቻለሁ!» አለች ዘርጊዋ፤ ከዚያም ወደ በሩ ዞራ፣ «የእሱ ልጅ ናት» ብላ ጨመረች።

ጋሼ ሚሊ አጎንብሶ ቀኑን በጨርቁ ጠርዝ ላይ ጻፈ። ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ቢላውን አነሳ። ቢላው ጮኸ።